ሦስተኛው ሙከራ

ስርጉት ያንን ሰውዬ ዓይኑን ማየት አትፈልግም። በየምሳ ሰዓቱ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4 ሰፈር ወዳለው ምግብ ቤቷ ይመጣና ከማራገቢያው ሥር ያለውን ጠረጴዛ ይይዛል። በዚያ ወበቅ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ለሰላምታ እንኳ ቀና ሳይል፣ ስልኩ ላይ በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ ጨዋታ ይጫወታል። በጨዋታው ሀከር ነው፤ አብሮት የሚጫወተው ጓደኛው የታሰረበትን ሕንፃ በር ለመክፈት ትእዛዝ ይጽፋል፣ ስልኩም ቁጥር ያወጣለታል። ቁጥሩ ከአራት ካነሰ በሩ አይከፈትም። ሦስቴ ከከሸፈበት የሕንፃው ዘበኞች እሱንም ይይዙታል፤ ከዚያ በፊት ግን ጓደኛውን ትቶ መውጣት ይችላል።

ዛሬ ሁለቴ ከሽፎበታል።

«ውጣ እንጂ፣ አንተ ግግም!» አለው የከባድ መኪና ሹፌሩ ባንቴ፣ በትከሻው ላይ አጮልቆ እየሳቀ። «ጓደኛህ እንደሆነ አልቆለታል።»

«አፍህን ዝጋ!» አለው ሰውዬው።

«ተነሥልኝ፣ ቦታ የሚጠብቅ ሰው ቆሟል» አለች ስርጉት፤ ሳህኑንም ከፊቱ አነሣችበት።

«ባሕር ላይ የወንድሜን እጅ ለቅቄ ብቻዬን ወጥቻለሁ» አላት ሳያያት። «ሁለተኛ አልወጣም።»

ሦስተኛውን ትእዛዝ ጻፈ። ቁጥሩ ሁለት ሆነ። ዘበኞቹ እየመጡ መሆኑን ስልኩ ሲነግረው ፊቱ ምንም አልተለወጠም፤ ለጓደኛው «መጣሁ፣ አብረን ነን» ብሎ ጻፈለት።