ወናፍ የተገጠመላት ቀይ መኪና

የባሌ ሙት ዓመት በሚውልበት ሳምንት ታላቅ ወንድሙ አዲስ ጓጉንቸር ቁልፍ ገዝተው ወደ ጋራዣችን መጡ። ቁልፉ ከነመጠቅለያ ወረቀቱ ነበር። በሩን ከውጭ ሊዘጉበት ነው።

ልጄ "እማዬ፣ ያን ቀን ጻፊው" ስላለችኝ እጽፈዋለሁ። ብዙ ቃል አልወድም። እግዚአብሔር ያደረገልኝን ደብቄ መሞት ግን ውለታ መብላት ነው።

ጊዜው ጃንሆይ በዙፋን ሳሉ ነው። ጋራዡ ከሰባተኛ ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነበር። ባሌ አንድ ጣሊያን ዘንድ መካኒክነት ለምዶ ነው የከፈተው። ቦታው የአባታቸው ስለሆነ ወንድሙም ድርሻ አላቸው። ባሌ በሕይወት ሳለ አንድ ቀን አላነሱበትም። ሲሞት እኔን ጠየቁኝ።

"እህል በረንዳ ያለ ነጋዴ ለመጋዘን ይፈልገዋል" አሉኝ። "አንቺም ልጅሽም ከዚህ የመኪና ግራሶ ትገላገላላችሁ።"

"ገላግሉን ያለ ማነው፣ ጋሼ?" አልኳቸው።

ልጄ በአባቷ እግር ሥር፣ በመኪና ሆድ ሥር ነው ያደገችው። ያኔ ሴት ልጅ ቱታ ለብሳ መኪና ሥር ያለ ጉድጓድ ውስጥ መግባቷ ለሰፈሩ ተአምር ነበር። የእድራችን ሴቶች "ማን ያገባታል?" ይሉኛል። "መኪናው የተበላሸበት" እላቸዋለሁ። እነሱ አይስቁም፤ እኔም አልስቅም።

ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ ሟች ጀምሮ የተወው ሥራ አለ። እናትና ልጅ እስከ ሙት ዓመቱ ጨርሰው ለባለቤቱ ካስረከቡ ጋራዡ ይቆይላቸው። ካልቻሉ ይዘጋና ለመጋዘን ይከራይ። እግዜር ይስጣቸው። የማንችል መስሏቸው ነው እንዲህ የቀለለ ፍርድ የፈረዱልን።

የቀረው ሥራ የሐጂ መኪና ነው። ሐጂ ከቡታጅራ በኩል የመጡ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሆዳቸው ሰፊ፣ ልባቸውም ሰፊ። መኪናዋ ቀይ፣ ጣሪያ የሌላት፣ ለሁለት ሰው ብቻ የተሠራች፣ ወደ አገሩ ከተመለሰ ፈረንጅ የገዟት ናት። ሜዳ ላይ እንደ ሚዳቋ ትፈናጠራለች። ዳገት ሲሆን ትደክማለች። አንድ እሑድ እንጦጦ ሊወጡ ሄደው መንገድ ላይ እያለከለከች ቆመችባቸው። ወሬው ከሳቸው ቀድሞ መርካቶ ገባ።

"ሐጂ፣ መኪናዎን አህያ ቀደማት ይባላል፣ እውነት ነው?" ሲሏቸው፣

"ወላሂ ውሸት ነው! በቅሎ ናት" ይላሉ።

ባሌ ነገሩን ራት ላይ አስረድቶኛል። ሞተርም እንደ ሰው አየር ይስባል አለኝ። ይቺን የሠሯት በባሕር ጠረፍ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ እዚያ አየሩ ወፍራም ነው። እኛ ጋ ስስ ነው፤ እንጦጦ ላይ ይብስበታል። ስባ ስባ የምታገኘው አይበቃትም። እንግዲህ ሐጂ በመርከብና በባቡር አንድ ከባድ የብረት ዕቃ አስመጡ። ባሌ በጣሊያን ቋንቋ ኮምፕሬሶሬ ይለዋል። ሞተሩ በቺንጊያ፣ እንደ ቀበቶ ባለ ማዞሪያ፣ ያዞረዋል፤ እሱ ደግሞ አየሩን እያፈሰ ሞተሩን ያጎርሰዋል። ሞተሩ እስኪስብ አይጠብቅም።

የሰፈሩ ሰው ይህን ሲሰማ ስም አወጣለት። ወናፍ አለው።

ያ ስም ለባሌ ወንድም እሾህ ሆነባቸው። ወናፍ የቀጥቃጭ ዕቃ ነዋ። በእኛ አገር ሰው ብረት የሚቀጠቅጥን ምን ብሎ እንደሚጠራ፣ ዓይኑን እንዴት እንደሚፈራ የሚያውቅ ያውቀዋል።

"ዘራችን ርስተኛ ነው" አሉኝ አንድ ቀን ደጄ ላይ ቆመው፣ ሰው እንዲሰማ። "አሁን 'የነወናፍ ቤት' ተባልን! ሴት ልጅ አስተምረሽ ወናፍ ነፊ አደረግሻት!"

"ጌታችን በአናጢ ቤት ነው ያደገው፣ ጋሼ" አልኳቸው። "ስሙ አልጎደለም።"

ባሌ ብረቱን ከሞተሩ ጎን አስሮ፣ ካርቡራቶሩን ቦታ አዛውሮ፣ ቧንቧዎቹን ሁሉ ገጥሞ ነበር። ከዚያ ታመመ። ተነሥቶ ኮፈኗን ሊዘጋ አልቻለም። መኪናዋ ሆዷን ከፍታ ግቢያችን ውስጥ ቆማ ቀረች። ከወናፉ ጋር የመጣው ቺንጊያ በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። መርካቶ ከእናትና ከአባት በቀር የሚጠፋ የለም ይባላል፤ ያ ቺንጊያ ግን ጠፋ። ልጄ ተራ በተራ ሁሉንም መደብር ዞራ ባዶ እጇን ተመለሰች። ተቀምጣ አሰበች። በማግስቱ ብረት የሚጠርቡበት ቶርኖ ቤት ሄዳ ሌላ ፑሌጃ፣ ቺንጊያው የሚዞርበትን መዘውር፣ አስጠረበች። የወፍጮ ቤት ቺንጊያ፣ ያን ሰፊውን የቆዳ፣ አስቆርጣና አሰፍታ አመጣች። ለሐጂም ይምጡ ብላ ላከች።

ሐጂና የባሌ ወንድም በአንድ ጠዋት የመጡት እንዲህ ሆኖ ነው። አንደኛው መኪናቸውን ሊያዩ፣ ሌላኛው በሩን ሊዘጉ።

ልጄ አስነሣቻት። ሞተሩ ደህና ነበር። ቤንዚን ስትሰጣት ቺንጊያው ጅራቷን እንደ ተረገጠች ድመት ጮኸ። የተቃጠለ ቆዳ ሸተተን። ወናፉ ሊዞር ይሞክርና ይቆማል። አጥር ላይ ተንጠላጥሎ የሚያየው የሰፈር ሰው ሳቀ።

"እንግዲህ አየን" አሉ የባሌ ወንድም። የቁልፉን ወረቀት መግፈፍ ጀመሩ።

ልጄ ወደኔ መጣች። "እማዬ፣ ቺንጊያው ይንሸራተታል። ከዚህ በላይ ካጠበቅሁት ኩሽኔታው ይበላል።"

እኔ ስለ ኩሽኔታ የማውቀው የለም። ወፍጮ ቤት ወረፋ መጠበቅ ግን አውቃለሁ። እህሌን ይዤ ስቀመጥ ባለወፍጮው ቺንጊያው ሲንሸራተትበት የሚያደርገውን ስንት ዓመት አይቻለሁ። በሰም ያሸዋል። ጩኸቱ ያቆማል፣ ድንጋዩም ይዞራል።

ሰም ነበረኝ። ለሙት ዓመቱ የገዛሁት ጧፍ ከጸሎት መጽሐፌ ጋር በመሐረብ ተጠቅልሎ ጓዳ ተቀምጧል። ሄጄ አመጣሁት።

የባሌ ወንድም ሲያዩ ቁልፉ ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር። "የወንድሜን ጧፍ! ለመኪና! አንቺ ሴት፣ እግዜርን አትፈሪም?"

"እፈራለሁ" አልኩ። "ጧፉ የወንድምዎ ነው። ሥራውም የወንድምዎ ነው።"

አማትቤ ለሁለት ቆረጥኩት። ግማሹን መልሼ ጠቀለልኩ፤ ግማሹን ለልጄ ሰጠኋት። በእጇ አሙቃ ቺንጊያውን በውስጥ በኩል እያዞረች አሸችው። እንደገና አስነሣቻት። ቤንዚን ሰጠቻት። አሁን የጮኸው ሌላ ድምፅ ነው፤ ቀጭን ፉጨት፣ እየጨመረ የሚሄድ። መኪናዋ በቆመችበት ተንቀጠቀጠች።

"አላሁ አክበር!" አሉ ሐጂ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "እትዬ፣ ግን ወጉ ይፈጸም።"

ወጉን አውቀዋለሁ። ባሌ የከፈተውን ሞተር እኔን አጠገቡ አስቀምጦ ሳይነዳ ለባለቤቱ አስረክቦ አያውቅም። "ሚስቴን ያላሳፈርኩበትን መኪና ሰው አላሳፍርበትም" ይል ነበር። ደንበኛው ሁሉ ይህን ያውቃል። ለእነሱ ከፊርማ ይበልጥ ነበር።

"እርስዎ ካልተቀመጡባት አልረከብም" አሉ ሐጂ። "ያውም እስከ እንጦጦ ማርያም። የተዋረድኩት እዚያ ነው።"

የባሌ ወንድም መሐል ገቡ። "ሙት ዓመቱ ሳይወጣ! ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላ ዘቅዝቃ፣ በቀይ መኪና? ጣሪያ እንኳ የላትም! እድርተኛው ምን ይላል?"

"እድርተኛው ስሞት ይሸከመኛል" አልኩ። "እስከዚያ ልጄ ትንዳኝ።"

ገብቼ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ዝቅ ከማለቱ የተነሣ መሬት ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ነጠላዬን አጥብቄ አሰርኩ። ሐጂ መንገድ ወጥተው ሰይቼንቶ ታክሲ አስቆሙና የባሌን ወንድም በክንዳቸው ያዙ። "ይምጡ ጋሼ፣ ዓይንዎ ይመስክር። ኋላ ከሰው አፍ ከሚሰሙት ይሻላል።" እሳቸውም ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው ገቡ። ሐጂ ከገቡ በኋላ ቦታ እንዴት እንዳገኙ እንጃ፤ ታክሲው ከኛ ቀድሞ ሄደ።

የሰፈሩ ሴቶች በየደጁ ወጥተው ያዩኛል። አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ጭነት የተሸከመ አንድ ኩሊ ቆሞ ጮኸ፦ "እትዬ! ለሠርግ ነው ለለቅሶ?"

"ለሥራ ነው!" አልኩት። በሕይወቴ እንዲያ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

ሽሮ ሜዳን እስክናልፍ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። ዳገቱ ሲጀምር ወንበሩን ጨበጥኩ። ሐጂ የቆሙበትን ቦታ ልጄ ታውቀዋለች፤ ባሌ አሳይቷታል። ባሕር ዛፍ የጫኑ አህዮች ይወርዱበታል፤ መንገዱ ይታጠፍና ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይነሣል። እዚያ ስንደርስ ልጄ ማርሽ ልትቀንስ እጇን ዘረጋች። ጥቂት አዳመጠች። እጇን መለሰች፣ አልቀነሰችም። ፉጨቱ ከፍ አለ፤ ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተጣበቀ። አቧራው ከኋላችን እንደ ግድግዳ ቆመ።

"እማዬ፣ ፈራሽ?"

"ዝም ብለሽ ንጂ" አልኳት።

እንጦጦ ማርያም ደጅ ላይ ወረድን። ቅጥሩን ተሳለምን። ብዙ አልጸለይኩም። "እመቤቴ፣ አላሳፈርሽኝም፤ ተመስገን" አልኩ። ልጄ ኮፈኗን ከፍታ ቺንጊያውን አየች፤ ደህና ነበር። እጇ ላይ ሰም አለ፣ ግራሶ አለ። ያን እጅ ሳምኩት። እናት የልጅዋን እጅ ስትስም አላየሁም፤ እኔ ግን ሳምኩ።

ስንወርድ ሰይቼንቶው ዳገቱ መሐል ቆሟል። ራዲያተሩ ፈልቶ እንፋሎት ይተፋል። ሐጂ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። የባሌ ወንድም ፈንጠር ብለው ቆመዋል፤ ጋቢያቸው አቧራ ነው። ሽቅብ ስንወጣ በአጠገባቸው ስናልፍ አይተውናል።

"እንደ ንፋስ አለፋችሁን፣ ወላሂ!" አሉ ሐጂ። "ተረክቤያለሁ! ጋሼ ምስክር ናቸው። አይደለም እንዴ፣ ጋሼ?"

የባሌ ወንድም መሬት መሬት አዩ። "አይቻለሁ" አሉ።

ልጄ ወርዳ ባለታክሲውን "ሳይበርድ እንዳትከፍተው፣ ፊትህን ያቃጥልሃል" አለችው። ከኛ መኪና ውኃ አውጥታ ሰጠችው። ከዚያ ወደ አጎቷ ሄዳ፣ "ጋሼ፣ ደክሞዎታል፣ በእማዬ ቦታ ይቀመጡ" ልትል መሆኑ ገባኝና ቀደምኳት። እኔም ወረድኩ።

"ጋሼ" አልኳቸው። "ያ ቁልፍ።"

"የቱ ቁልፍ?"

"የገዙት። የጋራዡ በር በሽቦ ነው የሚታሰረው። ባሌ ልግዛ ልግዛ እያለ ሳይገዛ ሞተ። እርስዎ አሰቡልን፣ እግዜር ይስጥልኝ።"

እጄን ዘረጋሁ። ሐጂ ሳቃቸውን አቆሙ። አህዮቹ በመሐላችን አለፉ፤ እጄን አላጠፍኩም። በመጨረሻ ኪሳቸው ገቡና ጓጉንቸሩን መዳፌ ላይ አኖሩት። ሞቆ ነበር።

"መክፈቻውንም ይጨምሩልኝ" አልኳቸው።

እሱንም ሰጡኝ።

ለሙት ዓመቱ የቀረውን ግማሽ ጧፍ አበራሁ። አጠር ያለ ነበር፤ ባሌ ሌላው ግማሽ የት እንደገባ ስለሚያውቅ አይቀየመኝም። ወንድሙም መጥተው ከፊት ተቀመጡ። ጸበል ጻዲቁን ከእጄ ተቀበሉ፤ ስለ ወናፍ ቃል አልተነፈሱም።

የሰፈሩ ሰው ግን "የነወናፍ ቤት" ማለቱን አልተወም። ልጄ ሰሌዳ ልታጽፍ ሠዓሊ ስትጠራ ምን ተብሎ ይጻፍ ብላ ጠየቀችኝ። "እንደሚጠሩን" አልኳት። በትልልቁ ተጻፈ።

ጓጉንቸሩ ዛሬም በሩ ላይ አለ። ማታ እሷ ትዘጋበታለች። ጠዋት እኔ በስመ አብ ብዬ እከፍትበታለሁ።