ማጥፊያ የሌለው አምፖል

ጋሼ መብራቱን ያመሰግኑት ነበር። ሲመሻሽ ከቤታቸው ወጥተው በትራቸውን ድንጋዩ ላይ እያንኳኩ ወደ ጓሮው መጸዳጃ ሲያመሩ አምፖሉ በራሱ ጊዜ ቦግ ይላል። እሳቸውም ቀና ብለው "እግዜር ይስጥልኝ" ይሉታል። እኔ ከአጥሩ ማዶ ሆኜ እየሰማሁ ስንቴ እንደሳቅሁ አልቆጥረውም። ለሚስቴ አውርቻለሁ፤ ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼም ሳይቀር ተርኬዋለሁ።

ወልድያ ውስጥ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። ትምህርት ሲዘጋ ቤቴን መነካካት ልማዴ ነበር። ሚስቴ "ይሄ ቤት ነው ወይስ ቤተ ሙከራ?" እስክትል ድረስ የሳሎኑ መብራት በስልክ፣ የበረንዳው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ የማዕድ ቤቱ ደግሞ ሰው ሲገባ እንዲበራ አድርጌ ነበር። ሴንሰሩንና ትንንሾቹን ቦርዶች ከአዲስ አበባ በሰው አስመጣለሁ፤ ሳጥኑን ከቆርቆሮ ራሴ እቆርጣለሁ፤ የቀረውን ከኢንተርኔት እያየሁ እሞክራለሁ። አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ ግድግዳ ያጠቁራል። ቤቴ የመጣ እንግዳ ግን ስልኬን አውጥቼ መብራቱን ሳበራና ሳጠፋ ሳያይ ሻይ አይቀርብለትም ነበር። ጉረኛ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ጋሼ የልጄ የክርስትና አባት ናቸው፤ አበልጄ። ትውልዳቸው ትግራይ ነው፤ ወልድያ ገብተው የጨርቅ ሱቅ የከፈቱት ግን እኔ ሳልወለድ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለውን በእሳቸውና በባለቤታቸው በእትዬ አይቼዋለሁ። አባቴ የሞተ ጊዜ እኔ ፈዝዤ ስቀመጥ ድንኳኑን ያስተከሉት፣ ለቀስተኛውን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። በኋላ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። አንድ ምሽት ወደ ጓሮ ሲሄዱ ድንጋይ አደናቅፏቸው ወደቁና ሳምንት ተኙ። እኔም ውለታ የምመልስበት ቀን መጣ ብዬ መሣሪያዬን ይዤ አጥሩን ተሻገርኩ።

የሠራሁት ነገር ቀላል ነው። ከቤታቸው ጥግ ከጣሪያው ሥር አንድ አምፖል፣ ከጎኑ ሰው ሲንቀሳቀስ የሚያውቅ ሴንሰር፣ ጣሪያው ላይ ትንሽ ሶላር፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ ባትሪውን የያዘ የቆርቆሮ ሳጥን። አንድ ሰው ሲያልፍ ይበራል፤ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። ባትሪው እንዳያልቅ ብዬ ቆይታውን አሳጠርኩት። ሳጥኑን ማንም እንዳይነካካብኝ በቁልፍ ቆለፍኩና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

እትዬ ግድግዳውን በእጃቸው ዳብሰው "ማጥፊያው የት አለ?" አሉኝ።

"ማጥፊያ አያስፈልገውም እትዬ። ራሱ ያውቃል።"

"ራሱ ምን ያውቃል ልጄ? እኔ በእጄ የማጠፋበት ነገር አድርግልኝ።"

ሳቅሁባቸው። "ማጥፊያ ድሮ ቀረ" አልኳቸው። ገመዱ ተርፎኝ ነበር፤ ማጥፊያም ቤቴ ውስጥ ሞልቷል። ቢበዛ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። አላደረግሁትም፤ ማጥፊያ ያለው መብራት ማንም ይሠራዋላ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ውጊያው ወደ ቆቦ ተጠጋ ሲባል የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበና ሁለት ነገር ተወሰነ። ከመሸ በኋላ ከማንም ቤት ብርሃን እንዳይታይ፤ ወንዶች ደግሞ በተራ ሰፈር እንዲጠብቁ። የከተማው መብራት ያን ሰሞን ብዙውን ጊዜ አልነበረም። ባትሪ ያለው ግን ያበራል። የራሴን ዕለቱኑ ነቃቀልኩ። የጋሼን ደግሞ ነገ አነሳዋለሁ አልኩ፤ መሰላሌን ሰው ተውሶት ነበር። በማግስቱም ነገ አልኩ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

እትዬ ነገውን አልጠበቁም። በረጅም ዘንግ ጥቁር ጨርቅ አንጠልጥለው አምፖሉን ሸፈኑት። የሰፈሩን ትእዛዝ መፈጸማቸው ነው። እሳቸው የማያውቁትን እኔ አውቃለሁ። ነፋስ ሲነሳ ጨርቁ ይወዛወዛል፤ ሴንሰሩ ሰው ያለፈ ይመስለውና ያበራል፤ ጨርቁ ሲገለጥ ብርሃኑ ይወጣል፤ ሲመለስ ይከለላል፤ ከዚያ ይጠፋል፤ እንደገና ይበራል። ቤታቸው ደግሞ ከፍታ ላይ ነው፤ ፊቱ ወደ ተራራው።

ተራዬ በደረሰ ዕለት አመሻሹ ላይ ስድስት ሆነን መንገዱ ጥግ ቆመናል። ነፋሱ ተነሳ። ከመካከላችን አንዱ ወደ ላይ አመለከተ።

"እዩት፤ ይበራል፣ ይጠፋል። ምልክት እየሰጠ ነው።"

ያን ጊዜ ይህን ሰምቶ የሚስቅ ሰው አልነበረም። የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ትውልዱ ከየት እንደሆነም ሁሉም ያውቃል። ተያይዘን ወጣን። እኔ ከኋላ ነበርኩ። እያንዳንዷን እርምጃ ስራመድ "ቆይ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት" ልል ነው፤ አሁን ልል ነው፤ በሩ ጋ ስንደርስ ልል ነው። ደረስን። አላልኩም።

ጋሼ ወጡ። ከፊት የቆመው ሰውዬ የሠርጉን ጨርቅ ከእሳቸው ሱቅ በዱቤ የወሰደ ነው። "ይሄን ማነው የሠራልህ?" አላቸው። በዚያ ሰፈር እሳቸውን አንተ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሳል አመለጠኝ። ጋሼ ፊታቸውን የሳሌ ድምፅ ወደመጣበት መለሱ። ዓይናቸው እንደማያየኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከሰዎቹ ጀርባ ሸሸት አልኩ።

"ማንም አልሠራልኝም" አሉ ጋሼ። "ከገበያ ገዝቼ እኔው ነኝ የሰቀልኩት።"

የገዛ ደጃፋቸውን በበትር የሚፈልጉ ሽማግሌ ጣሪያ ሥር ወጥተው ሽቦ እንዴት ያያይዛሉ ብሎ የጠየቀ የለም። አንዱ አምፖሉን በድንጋይ አረገፈው። ግራና ቀኝ ይዘዋቸው ወደ ቀበሌው እስር ክፍል ሄዱ። እትዬ ደጃፉ ላይ ቆመው አዩኝ። የእሳቸው ዓይን ደህና ነው። 

ለምን ዝም አልኩ? ፈርቼ ነው። ቤቴ መሳቢያው ሙሉ ሽቦና ቦርድ ነው፤ ምልክት የሚሰጠውን መሣሪያ የሠራው ይሄ ነው ቢሉኝ ምን አፍ አለኝ? ሚስት አለችኝ፣ ልጅ አለኝ። ማታ ሰው ሁሉ ተደናግጧል፤ ጠዋት ሽማግሌ ይዤ ሄጄ ረጋ ብዬ አስረዳለሁ አልኩ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ያምር ነበር፤ እንቅልፍም ወሰደኝ።

ጠዋት የተነሳነው በከባድ መሣሪያ ድምፅ ነው። ከተማው እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደ ደሴ መንገድ ይጎርፋል። ሚስቴ ልጁን አቅፋ ባጃጅ አስቆመች። ጋሼ የታሰሩበት ክፍል ከምንሄድበት መንገድ ዘወር ብሎ ነው፤ ሩቅ አይደለም። ባለባጃጁን "አንዴ በዚህ በኩል" ማለት እችል ነበር። ጫማዬን እያየሁ አለፍነው። ሲሪንቃ ስንደርስ ሚስቴ "ጋሼስ?" አለችኝ። "ይፈቷቸዋል" አልኳት። መርሳ አክስቷ ቤት ሁለት ቀን ቆየን። ከመርሳ ወልድያ ምን ያህል ነው? በእግር የሚመለስ ሰው አይቻለሁ፤ እናቱን ሊያመጣ። እኔ ግን ወደ ውርጌሳ፣ ከዚያም ወደ ደሴ ቀጠልኩ።

ከወራት በኋላ ስንመለስ ቤታችን ተዘርፏል። ቦርዱ፣ ሴንሰሩ፣ ግድግዳ ውስጥ የቀበርኩት ሽቦ ሳይቀር ተስቦ ተወስዷል። ሚስቴ አለቀሰች። እኔ አላዘንኩም፤ እንዲያውም የቀለለኝ መሰለኝ። አጥሩን ተሻግሬ ሄድኩ።

ጋሼ አንድ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ልጄን ጠርተው ሳሙት፤ እኔንም ሳሙኝ። የሆነውን የነገሩኝ እትዬ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ጠባቂው በሩን ከፍቶላቸው ሸሸ። ከተማው ባዶ ነው፤ የሚመራቸው ሰው የለም። ሲመሽ ግድግዳ ግድግዳውን እየዳበሱ ሲመጡ ቦይ ውስጥ ወደቁ። ሐኪም በሌለበት ጊዜ የተሰበረው እግራቸው ተጣሞ ገጠመ።

 ከዚያ ጋሼ "ያን ማታ ጉንፋን ይዞህ ነበር እንዴ? ስትስል ሰምቼህ ነበር" አሉኝ።

በዚያች ሰዓት እንኳ አዎ ለማለት አፌ ተከፍቶ ነበር። "አይደለም ጋሼ" አልኳቸው። "እኔ ነኝ የሠራሁት ማለት ነበረብኝ። ፈርቼ ነው።"

"ማታውን አልፈርድብህም። ሁለት ሰው ከሚታሰር አንድ ይበቃል ብዬ ነው እኔም እንደዚያ ያልኩት። ልጅ አለህ።" እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው አመቻቹ። "ጠዋት ግን ትመጣለህ ብዬ ጠበቅሁህ። በሩ በተነካ ቁጥር አንተ ትመስለኝ ነበር።"

ቀና ብዬ ድሮ አምፖሉ የተሰቀለበትን ጥግ አየሁ። 

መብራት ልሥራላቸው ስል እምቢ አላሉም። አንድ አምፖል፣ አንድ ገመድ፣ ከበሩ ጎን በእጅ ልክ አንድ ማጥፊያ፤ ሌላ ምንም የለውም። እትዬ ሦስት ጊዜ አብርተው ሦስት ጊዜ አጠፉት። "ይኸው፣ ይሄን ነበር ያልኩህ" አሉኝ። ዕቃዬን ስሰበስብ ጠጋ ብለው፣ ጋሼ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያኔ እግዜር ይስጥልኝ ሲል ለአምፖሉ መስሎህ ነበር? አንተ ከአጥሩ ማዶ እንዳለህ እያወቀ እኮ ነው" አሉኝ።

አሁንም ጎረቤት ነን። በዓል ሲሆን ይጠሩኛል፤ ልጄን ይመርቁታል። ሲመሻሽ ከአጥሩ ማዶ ማጥፊያዋ ቀጭ ስትል እሰማለሁ፤ ከዚያ በትራቸው ድንጋዩን ሲነካ፣ የሚጎተተው እግራቸው ሲከተል። እኔም ባለሁበት ቆሜ እጠብቃለሁ። ይመለሳሉ፣ ያጠፋሉ፣ በሩ ይዘጋል። ያችን ቃል ዳግመኛ አልሰማኋትም።