የእናቴ አንገት

ይህን ለሚስቴም ለቄሳችንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

ታናሽ ወንድሜን አሸርን ከአብራሪነት ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ እስራኤል፣ ሬሆቮት ከተማ፣ ክርያት ሞሼ ሰፈር ሳለን ነው። አባታችን ስለሞተ ያሳደግኩት እኔ ነበርኩ። እኔ አየር ኃይል ገብቼ አውሮፕላን ነዳጅ ስሞላ አገልግዬ ወጣሁ፤ እሱ የአብራሪነት ኮርሱን ፈተና አለፈ፤ የቀረው የጤና ምርመራ ብቻ ነበር። ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። እኔም ስሜ ጠፍቶ «የአብራሪው ወንድም» ሆንኩ። ቀናሁ። ምን ብዬ ላሳምረው? ቅናት አንገበገበኝ።

እናታችን ጎንደር ሳለች እንቅርት ወጥቶባት ነበር። እንዲጠፋላት የተነቀሰችው ንቅሳት ያኮራት ስለነበር አንገቷን ሸፍና አታውቅም። ሐኪም ዘንድ የምወስዳትና ዕብራይስጡን የምተረጉምላት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ጎረቤት የሰጠቻትን የባሕር አረም ክኒን ለሐኪሟ አሳየች። «አዮዲን አለበት፤ ሲበዛ የአንገትን ዕጢ ያናጋል» አለቻት ሐኪሟ። ስተረጉምላት እማዬ ሳቀች።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሊሆንብኝ ነበር በለኛ!»

ያንን ክኒን ነው ለአሸር የሰጠሁት። «የእማዬ እንቅርት እንዳይወጣብህ ጠዋትና ማታ ዋጥ» አልኩት።

«ቤሰደር አሒ፣ እሺ ወንድሜ፣ አንተ ካልክ» አለኝ።

አላውቅም ነበር ልበል? አውቃለሁ። ዕጢው እንዲናጋ ፈልጌ ሰጠሁት። ሐኪሞቹ የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ ሲጠይቁት የለም አለ፤ ወንድሙ የሰጠው ነገር መድኃኒት መስሎ መቼ ታየው? ደሙ ሲመረመር ዕጢው ደህና አይሠራም ተባለ፤ ኮርሱም ቀረበት። ክኒኑን ሲተው ዕጢው ዳነ፤ ተራው ግን አልፎ ነበር። ዛሬ ነስ ጺዮና ከተማ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል።

ኮርሱ የቀረበት ዕለት እማዬ፣ «ከእኔ ወርሶ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የሐኪምን ቃል የምትሰማው ከእኔ አፍ ነው። «አዎ እማዬ» አልኳት። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሁሉ የበጋ ሙቀት አንገቷን በሻሽ ጠቅልላ ኖረች።

ልትሞት ስትቃረብ አስጠራችኝ። «አሸርን ዓይኑን አይቼ መናገር አቃተኝ። አንተ ለምንልኝ፤ ይቅር ይበለኝ» አለች።

ሄጄ ለመንኩላት። አሸር አለቀሰ። «እማዬ ምን አጠፋች?» አለኝ። ያኔ እንኳ አፌን አልከፈትኩም። ተመልሼ «ይቅር ብሎሻል» አልኳት፤ እጄን ሳመችኝ።

እናቴ በእኔ ኃጢአት ምሕረት ለምና ሞተች። እኔ በምን አፌ ይቅር በሉኝ እላለሁ?