ለአምስት ሰው የምትሆን ድንኳን

ቦንጋ ውስጥ ድንኳን መትከል የሚያውቅ ሰው አለ ከተባለ ጋሽ ከፈለኝ ናቸው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰፈሩ ዕድር ዕቃ ያዥ ሆነው ሲያገለግሉ የመጋዘኑ ቁልፍ ከአንገታቸው ተለይቶ አያውቅም፤ ገላቸውን ሲታጠቡ እንኳ አያወልቁትም ይባላል። ጥሩምባ ሲነፋ የሟቹን ስም ከመጠየቃቸው በፊት «ግቢው ሰፊ ነው ጠባብ?» የሚሉ ሰው ናቸው።

ይህ ትጋታቸው ለሰፈሩ በጀ እንጂ ለባለቤታቸው ለእትዬ አልጣሽ አልበጀም። እትዬ አልጣሽ ከቦንጋ ወጣ ብላ የምትገኘው የማንኪራ መንደር ልጅ ናቸው። አባታቸው ያወረሷቸው የጫካ ቡና እዚያው አለ፤ ቤቱ ግን ከፈረሰ ቆይቷል። ሴትዮዋ የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከልጃቸው ከሰሎሜና ከሁለቱ ሴት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ሦስት ቀን እዚያው እያደሩ ቡናቸውን በገዛ እጃቸው መልቀም። ጋሽ ከፈለኝ በየዓመቱ «እሺ» ይላሉ፤ በየዓመቱ ደግሞ ልክ በመሄጃው ሰሞን ሰው ይሞታል። በመጨረሻ «ለሚሌኒየሙ እወስድሻለሁ» ብለው በሰው ፊት ማሉ። ሚሌኒየሙ ተጨፍሮበት አለፈ። ጥቅምት 2000 ዓ.ም. ሲገባ እትዬ አልጣሽ «የሚቀጥለው ሚሌኒየም እስኪመጣ ልጠብቅ?» አሉ።

ዕቃ መምረጥ ተጀመረ። ጋሽ ከፈለኝ መነጽራቸውን አድርገው በዕድር ልማዳቸው ጻፉ፦ ሠላሳ ኩባያ፣ ትልቁ ብረት ድስት፣ ሁለት በርሜል ውኃ፣ አሥር አግዳሚ ወንበር።

«አባዬ፣ አምስት ሰው ነን እኮ» አለች ሰሎሜ።

«እንግዳ ቢመጣስ?»

«ጫካ ውስጥ ማን ይመጣል? ጉሬዛ?»

እትዬ አልጣሽ ወረቀቱን ነጥቀው ሰረዙ፣ ሰረዙ፣ ሰረዙ። የተረፈው ስድስት ኩባያ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ጄሪካን፣ ፋኖስ፣ ገጀራ፣ ብርድ ልብስና መሬት ላይ የሚነጠፍ ላስቲክ ነው። ስድስተኛዋ ኩባያ ለባልየው ክብር ሲባል የቀረች ናት።

ጠቡ የተነሣው በድንኳኑ ነው። ነጋዴው ቢሻው ከጅማ ያመጣት አንዲት አረንጓዴ ድንኳን ሱቁ በር ላይ ነበረች። ወለሏ አብሯት የተሰፋ፣ ዘንጓ እንደ ቀርከሃ የሚለመጥ፣ በአንድ እጅ የምትያዝ። ጋሽ ከፈለኝ ስፌቷን ጎተት ጎተት አደረጉና «ይቺ ለድመት ለቅሶ እንኳ አትበቃም» ብለው ጥለዋት ሄዱ። ከዚያም ዕድሩን አስፈቅደው ከአገልግሎት የወጣውን አሮጌ ሸራ ቤታቸው አመጡ።

«እኔ በለቅሶ ድንኳን ሥር አልተኛም» አሉ እትዬ አልጣሽ።

«ሸራው ማን እንደሞተ ያውቃል እንዴ? ድንኳን ድንኳን ነው።»

በማግስቱ እትዬ አልጣሽ ገበያ ሲወጡ፣ ጋሽ ከፈለኝ ድንኳኑን ሊሞክሩ ተነሡ። ግቢው እንሰትና ጎደሬ ስለሞላው ከበሩ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር ተከሉት። ቀዳዳ የሚፈለገው ደግሞ ውስጥ ገብቶ በጀርባ በመተኛት ነው፤ ብርሃን የሚያስገባ ሁሉ ዝናብም ያስገባል። ሰሌን አንጥፈው ተንጋለሉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው መቁጠር ጀመሩ። አሥራ አንደኛው ቀዳዳ ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው።

የነቁት በጩኸት ነው። በእኚህ ሰው ደጃፍ ድንኳን ተተክሎ ማን ዝም ብሎ ያልፋል? ጎረቤታቸው እትዬ ይመኙሻል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ግማሽ ሰፈር አስከትለው ገብተዋል።

«የሁሉን ድንኳን የተከልከው ወንድሜ፣ ያንተን ማን ተከለልህ! ገመድህ የማይላላ፣ ካስማህ የማይነቀል!»

እዚህ ላይ ጨዋ ሰው ቢሆን ብድግ ይላል። ጋሽ ከፈለኝ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም አሉ። በሕይወታቸው እንዲህ ተመስግነው አያውቁም፤ ትንሽ ቢጨመርላቸው አይጠሉም ነበር።

ተጨመረላቸው። «አልጣሽን ማንኪራ አሳድርሻለሁ ብለህ ምለህ! ለሰው ሁሉ ደርሰህ ለእሷ ሳትደርስ! አሁን ከማን ጋር ትሂድ?»

«ከእኔ ጋር!» ብለው ጋሽ ከፈለኝ ቁጭ አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይተርከዋል። ሴቶቹ እየተጋፉ ወጡ፣ ገመድ ተበጠሰ፣ ድንኳኑም በእትዬ ይመኙሻል ላይ ወደቀ። እትዬ አልጣሽ መርዶውን ገበያ ሰምተው፣ ዘንቢላቸውን ጥለው በባዶ እግራቸው እየሮጡ ደረሱ። ባላቸው ሸራ ሲያነሡ ሲያዩ መሬት ላይ ተቀምጠው ከልባቸው አለቀሱ። ካለቀሱ በኋላ በካፊኖኖ ተሳደቡ። በመጨረሻ በአማርኛ «ሞተህ አሳየኸኝ። እስቲ ደግሞ ኖረህ አሳየኝ» አሉ።

ጋሽ ከፈለኝ አፈሩ። በሙሾ ያወጡት እትዬ ይመኙሻል ቢሆኑም፣ ሚስታቸውን ማንኪራ አለመውሰዳቸው የራሳቸው ጥፋት መሆኑን ያውቁታል። የዚያኑ ዕለት ሄደው አረንጓዴዋን ድንኳን ገዙ፤ ቁልፉንም ከአንገታቸው አውልቀው ለምክትላቸው ለጣሰው አስረከቡ። ሲያስረክቡ ልጅ የሚድሩ ይመስሉ ነበር።

በመሄጃው ቀን ማለዳ አምስቱም ጓዛቸውን ተሸክመው ከከተማው ሲወጡ ከኋላቸው ጥሩምባ ተነፋ።

የጋሽ ከፈለኝ እጅ ወደ አንገታቸው ሄደ፤ ቁልፉ የለም። «ግቢው ሰፊ ይሆን ጠባብ?» አሉ ለራሳቸው። ሰሎሜ እናቷን አየች። እትዬ አልጣሽ ድስቱን እንደተሸከሙ ቆመው ጠበቁ፤ መጠበቅ ለምደዋል።

ጋሽ ከፈለኝ ባርኔጣቸውን አወለቁና «ነፍስ ይማር» አሉ። መልሰው አደረጉት።

«ስንት ካስማ ያዝሽ?» አሉ ወደ እትዬ አልጣሽ ዞረው።

«አሥራ ሁለት።»

«ይበቃል» አሉና ድስቱን ከሚስታቸው ተቀብለው የማንኪራን መንገድ ያዙ።