ክዳናቸው የተከፈተ ሮቦቶች

ኪዳነወልድን "ሥራህ ምንድነው?" ብትሉት "መጠበቅ" ይላችኋል፤ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የሮቦት ክበብ ጠጋኝ ነው። ልጆቹ የሚገጣጥሟቸውን ትንንሽ ባለጎማ ሮቦቶች በየቀኑ ይሰብራሉ፤ እሱ በየቀኑ ይጠግናል። መብራት ይሄዳል፤ ይጠብቃል። መብራቱ ሲመጣ ኢንተርኔቱ የለም፤ ይጠብቃል። ሁለቱም ሲመጡ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ሰውየው ሳያረጅ ትከሻው የወረደው በዚህ ነው።

ድሮ ፒያሳ ሞባይል ይጠግን ነበር። የሞተ ስልክ ፍላሽ አድርጎ፣ ማለትም ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ጭኖ፣ ማንሣት የተማረው እዚያ ነው፤ ሮቦትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሮቦት ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነበው ፈርምዌር የሚሉት ፕሮግራም አለው። እሱ ከተበላሸ ሞተሩ ደህና፣ ጎማው ደህና፣ ዕቃው ግን ድንጋይ ነው። ሮቦቶቹን የሠራው የውጭ ድርጅት ደግሞ፣ ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ እንጃ፣ ፈርምዌሩ በእኔ ፕሮግራም ካልሆነ አይጫንም ብሎ ቆለፈው፤ ያ ፕሮግራም በኢንተርኔት ከድርጅቱ ኮምፒውተር ጋር ካልተገናኘ አይሠራም። ከዚያ ድርጅቱ ከሰረና ተዘጋ። ጎንደር ያሉት ሮቦቶችም ሳይሞቱ ተቀበሩ።

ኪዳነወልድ ፈልጎ ፈልጎ አንድ ነገር አገኘ። በየአገሩ ያሉ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው የሠሩት፣ ኮዱ ለማንም የተከፈተ፣ ክፍያም ፈቃድም የማይጠይቅ የመጫኛ መሣሪያ ነው። ገመድ ሰክቶ ከላፕቶፑ በቀጥታ ይጭናል፤ ኢንተርኔት አይልም፣ ምን አይልም። ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሮቦቶቹን አንድ በአንድ አስነሣቸው። ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ስንዱ ግን ደስታቸው ሙሉ አልሆነም። "ነጻ ነገር ይታመናል እንዴ?" አሉ። ሰው እኮ ካልከፈለ ልቡ አይረጋም!

አሁን ወደ አባቱ ልመለስ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ቄስ ሐብተ ማርያም የደብር አገልጋይ ናቸው፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው መጽሐፍ የሚጽፉ ቁም ጸሐፊም ናቸው። ልጃቸው ብዕራቸውን እንዲወርስ ነበር ምኞታቸው። እሱ ትምህርቱን ትቶ ስልክ መፈታታት ሲጀምር አልተቆጡም፤ አልረገሙም። ብቻ ስለ ሥራው አይጠይቁም። ስለ ሚስቱ ይጠይቃሉ፣ ስለ ጤናው ይጠይቃሉ፣ ስለ ሥራው ትንፍሽ የለም። ይኼ ከቁጣ ይብሳል፤ የደረሰበት ያውቀዋል።

ክበቡ በመስከረም እንደገና ሲከፈት ወይዘሮ ስንዱ ወላጆችን ሁሉ ጠሩ። ወይ ጉድ! ቄስ ሐብተ ማርያም ካባቸውን ደርበው፣ ጠበል በጠርሙስ ይዘው ከተፍ አሉ። ጸሎት አደረሱ፤ ልጆቹን ረጩ፤ ከዚያ ወደ ሮቦቶቹ ዞሩና "ክዳናቸውን ክፈትልኝ ልጄ፤ ሸጋ አድርጌ ልባርካቸው" አሉ። ኪዳነወልድ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃት ቃል ይህችው ነበረች። ባትሪ መንቀል ማን ትዝ አለው! ዓይኑ እንባ ሞልቶ ክዳኑን ሁሉ እየፈታ ከፈተላቸው። የአባቱ እጅ ደግሞ ለጋስ ነው፤ ረጩ ብላችሁ ረጩ።

ከዚያ ወዲህ ቄስ ሐብተ ማርያም ከቅዳሴ ሲወጡ ልጃቸውን አስቁመው "ሮቦቶቹ እንዴት ናቸው?" ማለት ጀመሩ። "ደህና ናቸው፣ አባባ" ይላል እሱ።

ደህና አልነበሩም። መጀመሪያ አንዱ ወደ ግራ ብቻ መዞር ጀመረ። ሌላው ቆመ። ሌላውን ጭራሽ ላፕቶፑ ሊያየው አልቻለም። ኪዳነወልድ ፈርምዌሩን ደጋግሞ ጫነ፤ የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ሆነበት። በመጨረሻ አንዱን ገልብጦ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን፣ ቦርዱን፣ ሲነቅለው ከሥሩ አረንጓዴ ዝገት አየ፤ ገባው። ጠበሉ ምን አጠፋ፤ ባትሪ ባልተነቀለ ቦርድ ላይ የወረደ ውሃ ሥራውን ሠራ እንጂ። ቦርዱን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጥቦ፣ አድርቆ፣ በዚያው በነጻው መሣሪያ ፈርምዌሩን መለሰለት። ሮቦቱ ተነሣ። ጊዜ ቢሰጡት አብዛኞቹ ይድኑ ነበር።

ወይዘሮ ስንዱ ግን ቢሮ ጠሩት።

"ብዬህ አልነበረም? ያ ነጻ ፕሮግራምህ ነው የፈጃቸው። አይደለም ካልህ ምክንያቱን ንገረኝ።"

ኪዳነወልድ አፉን ከፈተ። ውሃ ነው ቢል የምን ውሃ ይመጣል፤ ያን ቀን ወይዘሮ ስንዱም አጠገቡ ቆመው ነበር። አባቱ በስተርጅና ሥራውን ቢባርኩለት፣ "የባረኩትን ገደሉት" ብሎ ያውራባቸው? እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ያችን ጥያቄ ዳግመኛ ላይጠይቁት ነው። ዝም አይነቅዝም ብሎ እውነቱን ዋጠ።

"ሊሆን ይችላል" አለ።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይኼ ነው! መሣሪያው አፍ የለው፣ ጠበቃ የለው። ወይዘሮ ስንዱም ፕሮግራሙ ከኮምፒውተሩ ሁሉ ይጥፋ፣ ሮቦቶቹ ይታሸጉ፣ ክፍሉም የአሮጌ ወንበር ማስቀመጫ ይሁን ብለው ወሰኑ። እስቲ ፍረዱኝ፤ ክረምቱን ሙሉ የለፋበትን ሥራ በገዛ አፉ ገደለው። ማዘን እንኳ አቃተው፤ ደክሞት ነበር።

ካርቶኑን እያሸገ ሳለ በሩ ተንኳኳ። አባቱ ናቸው፤ አዲስ ጠርሙስ ይዘዋል።

"የወሩ በዓል ነውና ልባርካቸው ብዬ። ምነው፣ ወዴት ልትወስዳቸው ነው?"

ይህን ብለው ጠረጴዛው ላይ የተፈታውን ቦርድ አነሡ። ብራና ሲመረምሩ እንደሚያደርጉት ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ አዘንብለው አዩት። አረንጓዴውን በጥፍራቸው ነካ አደረጉት።

"ውሃ ገብቶታል" አሉ።

"አባባ፣ እርስዎ..."

"ምነው አልነገርኸኝ?"

"ስለ ሥራዬ መጠየቅዎን እንዳይተዉ ብዬ ነው። ለወይዘሮ ስንዱም ፕሮግራሙ ነው ያበላሻቸው አልኋቸው፤ ክፍሉን ሊዘጉት ነው።"

ቄስ ሐብተ ማርያም ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

"እኔ ብራና ዘርግቼ ስጽፍ ውሃ የያዘ ሰው አላስጠጋም፤ ቀለሙ ይለቃል። መጽሐፍ የሚባረከው ተዘግቶ ነው። የራሴን እንዲህ ስጠብቅ ኖሬ ያንተን ክፈትልኝ አልሁህ። ሥራ መሆኑን አላወቅሁማ፣ ልጄ።"

ኪዳነወልድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አባቱ ተነሥተው ካባቸውን አስተካከሉና ወደ ቢሮ ሄዱ። እሱ ካርቶኑ አጠገብ ቀረ። በሩ ክፍት ስለነበር ድምፃቸው ይሰማዋል።

"ወይዘሮ ስንዱ፣ ዕቃውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ውሃ አፍስሼበት ነው። ልጄ የዋሸሽ እኔን እንዳታሳፍሪ ብሎ ነው፤ እኔ ግን አላፍርም።"

ጥቂት ቆይተው ወይዘሮ ስንዱ ራሳቸው መጡና የክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "ወንበሮቹን ሌላ ቦታ እፈልግላቸዋለሁ" ብለው ወጡ፤ ይቅርታ ማለት አልለመዱም።

ሁሉም ሮቦቶች አልዳኑም፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ያን ቀን ግን ቄስ ሐብተ ማርያም ጠርሙሱን ክዳኑ እንደተዘጋ ከበሩ ሥር አኖሩት፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና የጥርስ ብሩሹን አነሡ። ፊደል የለመደ እጅ ነው፤ ከልጃቸው ይልቅ እሳቸው ቀስ ብለው ያጥባሉ። ኪዳነወልድ የታጠበውን እየተቀበለ፣ "አሁን ልጻፍበት" እያለ ገመድ ይሰካል። እንቅልፍ በዓይኑ ዞሯል፤ ቤቱ ሄዶ መተኛት ብቻ ነበር ያማረው።

"ይህችስ ምንድናት?" አሉ አባቱ፣ ቦርዱ መካከል ያለችውን ጥቁር ነገር በብሩሹ ጫፍ እየነኩ። "አሁን አንተ በዚህ ገመድ የምትጽፈው እሷ ላይ ነው?"

"አዎ፣ አባባ። እሷ ላይ ነው።"

"እንዴት ነው የምትጽፈው?"

ኪዳነወልድ ገመዱን አስቀመጠና ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግራቸው ጀመር።