የስሜነሽ ነጠላ በጥምቀት ሜዳ

የቆሰበር ሰው ስሜነሽን የሚፈልጋት ለሁለት ነገር ነበር፤ ለጭፈራና ለፈንጣጣ። በልጅነቷ ፈንጣጣ ፊቷን አዥጎርጉሮ ለቋታል፤ ዳግመኛ ስለማይዛት በሽተኛ የምታስታምመው እሷ ናት። ሰዉም፣ መቼም ሰው የሚመቸውን ማመን ይወዳል፣ እሷን ካልያዛት በእሷም ወደ ሌላ አይተላለፍም ብሎ አርፎ ተቀምጧል።

በ1951 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲገባ እናቷ የሞተችባትን፣ የከበሮ መቺውን የአየነውን ልጅ፣ ሸጋን፣ ከወንዝ ማዶ በተቀለሰች ጎጆ አሥር ቀን አስታመመቻት። የጥምቀት ዕለት ሲነጋጋ ልጅቷ ዐረፈች። በበዓል መርዶ አይነገርም፤ ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ በማግስቱ ማለዳ፣ በሽማግሌ ነው። ስለዚህ ስሜነሽ ከአየነው ርቃ ቆማ፣ "ወተት ጠጣች፤ ተሽሏታል" አለችው። አባት ደስ ብሎት ከበሮውን አነገተ። እሷም ብቀር ይነቃብኛል ብላ፣ ታጥባ ቀሚስ ለውጣ ሜዳ ወረደች።

በእስክስታ ከእህቷ ልጅ ከውዴ ጋር አጋጠሟት። ውዴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። በሰፈሩ ወግ በእስክስታ ያሸነፈችው የተሸናፊዋን ነጠላ ከወገቧ ፈትታ ራሷ ትታጠቃለች። ስሜነሽ ትከሻዋን እየሰበቀች ጎንበስ ስትል ዓይኗ የነጠላዋ ጥለት ላይ ዐረፈ። የደረቀ መግል! ማለዳ በድንጋጤ አንሥታ የታጠቀችው ሸጋ ለብሳው የሰነበተችውን ነበር። በበሽተኛ ልብስ የተነሣ ቤተሰብ አልቆ ቤት ሲዘጋ ደግሞ በዓይኗ አይታለች።

ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሰው የጨዋታው ስልት መስሎት አጨበጨበ።

"አትንኪኝ! የበሽተኛ ልብስ ነው!"

"አክስቴ፣ ዛሬስ ፈሩኝ!" አለች ውዴ እየሳቀች፣ እየተከተለቻት።

ግጥም አውራጇ "አትንኪኝ" የሚለውን አንሥታ አዜመችው፤ ሕዝቡም ተቀበላት። ክቡ ጠበበ። አየነው ከበሮውን አፈጠነው፤ ፊቱ ሁሉ ሳቅ ነው። ስሜነሽ ነጠላውን ፈትታ ብትጥለው አንዷ አንሥታ ትታጠቀዋለች፤ ብትሸሽ መውጫ የለም። ሰውን ዝም የሚያሰኝ አንድ ቃል ብቻ ቀርቷታል። ያን ቃል ደግሞ አባት ፊት፣ በጭፈራ መሀል ማውጣት ከመግደል አይተናነስም። የውዴ ጣቶች ቋጠሮው ዘንድ ለመድረስ ስንዝር ቀራቸው።

"ሸጋ ሞታለች!" ብላ ጮኸች። "ዛሬ ጠዋት! ለብሳው የነበረው ይኸው ነው!"

ጭብጨባው ተቋረጠ። ውዴ እጇን ሰብስባ ሆዷን ያዘች። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሲሸሽ ከበሮው ብቻውን ሁለት ሦስት ጊዜ መታ፤ አየነው እጁን ማቆም ረስቶ ነበር።

"ወተት ጠጣች አላልሽኝም?" አላት።