እብነ በረዷ ማርያምና የሰናይት ልጅ

ዋይሊ፣ ንጋት 12፡15 (ሰዓቱ በሐበሻ ነው)

ከቤት ስወጣ ገና ድንግዝግዝ ነው። ከዳላስ ወጣ ያለችው የዋይሊ አዳዲስ ቤቶች ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለት ዓመት ኖሬበት እንኳ አንዳንዴ የጎረቤቴ ጋራዥ ፊት ቆሜ ሪሞቴን እጫናለሁ። ለዚህ ብሎግ አንባቢዎች ፎርት ዎርዝ ሙዚየም ውስጥ ስላለች አንዲት የእብነ በረድ ማርያም ልጽፍ ቃል ገብቻለሁ። በመንገዴ ሰናይትን ቤድፎርድ ጠበቃ ጋ አደርሳታለሁ፤ ከዚያ ደስ ብሎን አብረን ማርያምን እናያለን ብዬ ነው ያቀድኩት። ደስ እንደሚለን በምን አወቅኩ?

ስሟ ሰናይት አይደለም። እንዲህ ልበላት።

ሮውሌት፣ 12፡45

አፓርታማዋ ደጃፍ ቆማ ጠበቀችኝ። ከመጋዘን ሥራዋ ኦፍ ወስዳለች፤ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ አንድ ፕላስቲክ ፎልደር ደረቷ ላይ ለጥፋለች። ውስጡ የልጇ የናሆም ፎቶዎች፣ የክትባት ካርዱና የሳላቸው መኪናዎች አሉ። ጥግ ካለው ዶናት ቤት ሁለት ዶናትና ሁለት ቡና በዘጠኝ ዶላር ገዛሁ። ዶናቱን አልነካችውም።

"ጋሼ፣ ዛሬ ጠበቃዋ ማመልከቻውን ፋይል ካደረገችልኝ በስንት ጊዜ ይመጣል?"

"እሷ ትነግረናለች" አልኳት።

ከዳላስ መሃል ከተማ በፊት መንገዱ ተዘጋ፤ የቆመ መኪና ብቻ። እስኪከፈት እናንተም እወቁት። ከስምንት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ኮምፒውተር ቤት ነበረኝ፤ ዲቪ እሞላ ነበር። የሰናይትንም የሞላሁት እኔ ነኝ። ናሆም ዓመት ከመንፈቁ ነበር፤ እቅፏ ውስጥ ሆኖ ኪቦርዴን እየደበደበ አላሠራ አለኝ። "ያላገባች ሴት፣ ልጅ ካላት፣ ያጣሩባታል፤ የለኝም በይ። ከሄድሽ በኋላ ትወስጂዋለሽ" አልኳት። ያኔ እኔን የሚያህል አዋቂ አልነበረም። ዲቪው ሲደርሳት ልጁ በእናቷ ስም ተመዘገበ፤ በወረቀት ወንድሟ ሆነ። አያቱን እማዬ፣ ሰናይትን እቴቴ ብሎ እንዲጠራ አስለመዱት። እስከ ዛሬ እውነቱን አያውቅም።

ቤድፎርድ፣ 3፡00

ቢሮው ከጥርስ ሐኪም ቤት ጎን ነው። ጠበቃዋ ትሑት አሜሪካዊት ናት፤ የሶፍት ካርቶኑን ገና ሳንቀመጥ ወደ ሰናይት ገፋ አደረገችው። አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

"እንዲህ ትላለች" አልኳት፤ "የዲቪ ፎርምሽ ላይ ልጅ የለሽም ይላል። ኤምባሲም ቀርበሽ የለኝም ብለሽ ምለሻል። አሁን ልጄ ነው ብለሽ ካመለከትሽ፣ ዋሽተሽ እንደገባሽ ራስሽ ፈርመሽ ሰጠሻቸው ማለት ነው። ግሪን ካርድሽንም ታጪያለሽ፣ እሱንም አታመጪውም።"

"እንደ ወንድሜስ?"

"ሁለተኛ ውሸት ነው ትላለች።"

"ሌላ መንገድ የለም ወይ በላት።"

ጠየቅኳት። መልሱን በገዛ አፌ ወደ አማርኛ መለስኩት። የለም። እሷን ሳታማክሪ ለማንም አንዳች እንዳትናገሪ ብላለችም አልኳት። ሰናይት ፎልደሩን ሳትከፍተው ተነሣች።

ፎርት ዎርዝ፣ 4፡30

ወደ ቤት እንመለስ ብላት እምቢ አለች። "ማርያምን ሳላያት አልሄድም" አለችኝ። የሙዚየሙ መግቢያ በነፃ ነው፤ ውስጡ ግን የማቀዝቀዣው ብርድ አጥንት ይሰብራል።

ማርያሟ ልጇን እንዳቀፈች ጣልያን አገር ከተቀረጸች ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። ድንጋዩ የረጋ ቅቤ ይመስላል። እኛ በሥዕል እንጂ በቅርጽ ስለማናውቃት ሰናይት ትሳለም አትሳለም ግራ ገባት። ዞር ዞር ብላ አየቻትና፣

"ምነው ልጁ ራቁቱን? በዚህ ኤሲ!" አለች።

ሳቄ መጣ፤ ፊቷን ሳይ ጠፋ። እየቀረበች ሄደች። የእናቲቱ ጣቶች የሕፃኑ ጭን ላይ ሰርጎድ ብለዋል፤ የምር ሥጋ የያዘች ነው የምትመስለው። ሰናይት እነዚያን ጣቶች ነው የምታየው።

"ዓመት ከመንፈቅ ይሆነዋል" አለች። "እንዴት አጥብቃ እንደያዘችው አየህ ጋሼ?"

የክፍሉ ጠባቂ፣ ሽበታም ሴትዮ፣ መጥታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንድትል ለመነቻት። ቅር እንዳይላትም ፈገግ ብላ፣

"ልጆች አሉሽ?" አለቻት።

ሰናይት መጀመሪያ እኔን አየችኝ።

"ኖ" አለች።

"ገና ወጣት ነሽ፣ ትደርሺበታለሽ" አለቻት ሴትዮዋ፣ በቅንነት።

ከዚያ በኋላ ስለ ቅርጹ ያየሁት ነገር የለም። ይቅር በሉኝ። በዚያች ሰዓት ራሴን ጠልቼዋለሁ፤ አሁንም ይህን ስጽፍ እንደዚያው ነኝ።

ወደ ሮውሌት፣ 6፡00

መንገዱ ክፍት ነው። ከኤርፖርቱ የሚነሡት አውሮፕላኖች በላያችን ያልፋሉ። ሰናይት እስከ ዳላስ ድረስ አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

"ጋሼ፣ ያኔ ልጅ አለኝ ብለን ብንሞላው ይደርሰኝ ነበር?"

መዋሸት አማረኝ። ግን ለእሷ የዋሸሁት ይበቃል።

"ያው ይደርስሽ ነበር።"

"እሱስ?"

"አብሮሽ ይመጣ ነበር።"

ራሷን ነቀነቀች።

ሮውሌት፣ 7፡00

በሯ ላይ ፓርክ አደረግኩ። ሳትወርድ ስልኳ ጮኸ፤ ናሆም ነው፣ በቪዲዮ። አዲስ አበባ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል።

"እቴቴ፣ ጥርሴ ወለቀ!"

"እስቲ አሳየኝ። ውይ የኔ ጌታ! አላመመህም?"

"ትንሽ። ዛሬ የምትነግሪኝ ነገር አለ ብለሽ አልነበር?"

ዓይኗ ወደ ፎልደሩ ሄደ።

"ረሳሁት" አለችው። "ለምን አልተኛህም?"

"እማዬን እየጠበቅኩ። ጎረቤት ለቅሶ ሄዳለች። ስትመጣ ምን ልበላት?"

ሰናይት ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋችው።

"ልጅሽ ሰላም ብላሻለች በላት" አለችው።